የሚደበቅ ፖሊስና የሚወተውት ፖሊስ

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት የሹፌሮች ወሬ ከቲኬት ርቆ አያውቅም። አሁንም ልጆቹ የቅጣት ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና፣ «ጋሼ፣ ፖሊሱ ከድልድዩ ሥር ተደብቆ ነው የያዘኝ። ይሄ ኢንትራፕመንት አይደል? ብከራከር አልረታም?» ይሉኛል። ንዴታቸው ይገባኛል፤ የቀን ገቢ በአንዲት ወረቀት ሲሄድ ያንገበግባል። ግን መደበቅ ሌላ፣ ኢንትራፕመንት የሚባለው ሰውን ገፋፍቶ ማስጠፋት ሌላ ነው።

ተደብቆ የሚጠብቅ ፖሊስ የመጣው ከመኪናው ጋር አብሮ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጡት ሕግ ፍጥነትን በሰዓት 20 ማይል ሲገድቡ፣ ፖሊሶቹ ከመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽገው፣ በተለካ ርቀት ላይ ሰዓት ይዘው መኪና ይይዙ ነበር። ባለመኪኖቹም በ1905 ማኅበር አቋቁመው፣ «ፊት ለፊት ፖሊስ አለ» የሚሉ ብስክሌተኞች አሰማሩ። ፍርድ ቤት ይህን የፖሊስ ሥራ ማደናቀፍ ነው ሲል ማኅበሩ ዘዴ ቀየረ። ብስክሌተኛው የማኅበሩን አባል ባየ ቁጥር እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታ ከነፈገው አባሉ ቆሞ ምክንያቱን ይጠይቃል። ሰላም አላልክም ተብሎ የሚከሰስ ሰው ደግሞ የለም። ብልሃታቸውን እወድላቸዋለሁ።

ኢንትራፕመንት የሚባለው መከላከያ ግን በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀባይነት ያገኘው በትራፊክ ሳይሆን በአልኮል ጉዳይ ነው። በ1930፣ አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን፣ አንድ የመንግሥት ወኪል አገር ጎብኚ መስሎ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሶሬልስ የሚባል ሰው ቤት ገባ። ወሬ ሲጨዋወቱ ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአንድ ክፍለ ጦር ወታደሮች እንደነበሩ ታወቀ። ወኪሉ ውስኪ ለመነ፤ ሶሬልስ የለኝም አለ። እንደገና ለመነ። የጦር ሜዳ ትዝታ እያነሣ ደግሞ ሲወተውተው፣ ሶሬልስ ወጣ ብሎ ግማሽ ጋሎን ይዞ መጣና በ5 ዶላር ሸጠለት። ወዲያው ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1932 ፍርዱን ሻረው፤ ወንጀሉን ያሰበው መንግሥት ከሆነ፣ ያላሰበውንም ሰው ጎትቶ ካስገባው፣ ያንን ሰው ሊቀጣበት አይገባም አለ።

እንግዲህ ድልድይ ሥር የቆመውን ፖሊስ ከዚህ ወኪል አጠገብ አቁሙት። ነዳጁን ርገጥ ብሎ የወተወተህ የለም፤ እሱ ሲያይህ አንተ ቀድመህ ፈጥነሃል። በዚህ ክርክር የረታ ሹፌር አላጋጠመኝም።

እኔን የሚቆረቁረኝ የቅጣቱ ገንዘብ የሚገባበት ኪስ ነው፤ ታሪኩም ሹፌሩን የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኦሃዮን የቱሚ ጉዳይ አየ። በዚያች ትንሽ ከተማ ዳኛ ሆኖ የሚቀጣው ከንቲባው ነበር፤ ጥፋተኛ ብሎ ከፈረደ 12 ዶላር ለራሱ ያገኛል፣ ነፃ ካለው ምንም የለም። ፍርዱ ተሻረ። በ1972 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በዚያው በኦሃዮ፣ ሞንሮቪል በምትባል መንደር ከንቲባ ዘንድ በትራፊክ የተቀጣ ዋርድ የተባለ ሰው ጉዳይ አየ። ይህኛው ከንቲባ ለራሱ ኪስ ሳንቲም አይወስድም፤ ሆኖም የመንደሯ ገቢ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ከእሱ ችሎት ይመጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህም ገለልተኛ ዳኝነት አይደለም አለ። አንድ ተራ ሹፌር በትራፊክ ቅጣት ተከራክሮ ያንን ማስገኘቱ ሁልጊዜ ያኮራኛል።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ልጆች የምለው፦ የተደበቀበትን ቦታ ትታችሁ ራዳሩ መቼ እንደተፈተሸ ጠይቁ። የፍጥነት ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ከሆነ በዚያው ሰሞን ፎቶ አንሡ። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ አብዛኛው ቲኬት የሚታየው በፍርድ ቤት ዳኛ ሳይሆን በአስተዳደር መርማሪ ፊት ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከተያዛችሁ ግን ዳኛ ፊት ትቆማላችሁ፤ እዚያ ከገደቡ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ በወንጀል ያስከስሳል፣ እስከ 12 ወር እስራትም ያመጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት የመጣበት ልጅ እኔ ጋር ጊዜ ሳያጠፋ ጠበቃ ይያዝ።