ስሕተቱ የማን ነው? ከዓባይ በረሃ እስከ ኑክሌር ማብላያ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሁሉ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ያውቀዋል። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ አውቶቡሱ ቁልቁል ሲጀምር ወሬ ይቆም ነበር። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል ይዞ ይወርዳል እንጂ ፍሬን ላይ አይተኛም፤ የጋለ ፍሬን አይዝምና። ረዳቱ ታኮውን አዘጋጅቶ በሩ ላይ ይቆማል። እዚያ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ ግን በማግሥቱ የሚሰማው ቃል አንድ ነበር፦ «የሾፌሩ ጥፋት ነው።» ፍሬኑን ማን መረመረው? ያን ሁሉ ጭነት ማን ፈቀደ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ያስታወሰኝ የኑክሌሩ ጉዳይ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራረሙ። እስካሁን ያነበብሁት ክርክር ሁሉ ስለ ገንዘቡና ስለ ዲፕሎማሲው ነው። ነገ ሌሊት በመቆጣጠሪያው ክፍል ስለሚቀመጠው ኢትዮጵያዊ ኦፕሬተር ግን ያነበብሁት ነገር የለም።

የዚህ ሰው ታሪክ በሌላው ዓለም ተጽፏል። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ትሪ ማይል አይላንድ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በሰሌዳው ላይ ያለው መብራት የሚያሳየው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ ውኃው የበዛ መስሏቸው የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ቀነሱት፤ የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፦ ከዚያ 18 ወራት ቀደም ብሎ በኦሃዮ በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ፣ ሠራተኞቹ ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ነቅተው አድነውታል። ትምህርቱ ለትሪ ማይል አይላንድ ሠራተኞች አልደረሳቸውም።

የቼርኖቢል ደግሞ የባሰ ነው። በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በኦፕሬተሮቹ ተላከከ። ደንብ መጣሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ማብላያውን ለማጥፋት የተጫኑት አዝራር የሚያወርዳቸው ዘንጎች ግራፋይት ስለነበረባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ኃይሉን ጭራሽ ጨመሩት። ይህን ጉድለት ንድፍ አውጪዎቹ ያውቁ ነበር፤ ኦፕሬተሮቹ አያውቁም ነበር። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ የባለሙያዎች ቡድን ፍርዱን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል አንባቢ ካለ፣ የራሳችን አለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። በግራ በኩል ያለው ሴንሰር የተሳሳተ ማዕዘን ሲናገር፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ያን አንድ ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ጀመር። ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ የዚህ ሥርዓት አሠራር በአብራሪዎች መመሪያ አልተገለጸም ነበር። የእኛ አብራሪዎች ከዚያ በኋላ በወጣው ትእዛዝ መሠረት የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ቈረጡ፤ በእጅ የሚዞረው መንኰራኵር ግን በፍጥነቱ ምክንያት አልንቀሳቀስ አላቸው። ኤሌክትሪኩን ሲመልሱት ኤምካስም አብሮ ተመለሰ።

ሁለት ወር ሳይሞላ... ይልቁንም በሁለተኛው ወር ማለቂያ ግድም፣ በግንቦት፣ የኮንግረስ አባሉ ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር የሚል አስተያየት ሰጡ። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ዛሬም አልበረደም። ሆኖም ለእውነት መቆም ካለብን፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በወጣው የኛ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የአብራሪዎቹ ድርጊት በበቂ አልተመረመረም ማለታቸውን መደበቅ አይገባም። የሞተሮቹ ኃይል በመነሻው ልክ መቆየቱ መንኰራኵሩን አክብዶታል። ግን ማስጠንቀቂያው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጮኽ ሰው ምን እንደሚሆን ሳያስቡ ማሽኑን የሠሩትስ?

በዚያው በጎጃም፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ሌላ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮች ከዱት። አብራሪዎቹ ያለ ጎማ በሆዱ አሳረፉት፤ 35 ሰዎች በሞት ተለዩን፣ ከ104ቱ 69 ተረፉ። ርግብ ከሰው የሚደብቀው ምስጢር የለውም፤ አውሮፕላኑም ከአብራሪዎቹ ጋር አልታገለም።

እንግዲህ ሮሳቶም ማብላያ ሲሸጥልን ሥልጠናም አብሮ ይሰጣል። እኔ የምጠይቀው በሌሎች አገሮች በዚያው ዓይነት ማብላያ የደረሰ እክል ሁሉ ለኛ ኦፕሬተሮች በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነገር፣ ኦፕሬተሩም የአለቃ ፈቃድ ሳይጠብቅ ማብላያውን ቢያጠፋ እንጀራው ይቈረጥ እንደሆነ ነው። ውሉ ለሕዝብ ሲገለጥ መጀመሪያ የምፈልገው ገጽ እርሱ ነው።