የደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥትና የብራስልስ ማዘጋጃ ቤት

የአንድን ከተማ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሁለት ቤቶችን መመርመር ይገባዋል፤ እነዚህም የሚጸለይበት ቤትና የሚፈረድበት ቤት ናቸው። የደብረ ማርቆስ የሚጸለይበት ቤት፥ ለከተማዋ ስሟን የሰጣት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፥ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ለመጻፍ የወደድነው ግን ስለ ሁለተኛው፥ ይኸውም ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው።

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ በ1845 ዓ.ም. ገደማ የቆረቈሯትም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ተባለ፤ መቀመጫቸውም ይህችው ከተማ ሆነች። ዘመኑ ግን የዕረፍት ዘመን አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ ስላለው አገርና ስለ ንግዱ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ቆስለውም ተማረኩ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ያነገሡአቸው ዐፄ ዮሐንስ ተቈጥተው ጎጃምን በጦር አጠፉት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ንጉሡ የጎጃምን ጦር አስከትለው ከቀድሞ ማራኪያቸው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ያረፉትም በ1893 ዓ.ም. ነው።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር ወደ ኤውሮጳ ከሄዱት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ከተመለሱም በኋላ በ1918 ዓ.ም. ገደማ የአባታቸውን ቤተ መንግሥት በኤውሮጳ ሥራ አምሳል አሳደሱት። እንግዲህ ይህ ቤት የጎጃምንና የባሕር ማዶን አሳብ አንድ ላይ የያዘ ነው ማለት ይቻላል።

መልእክተኞቹ ካዩአቸው ከተሞች አንዲቱ ብራስልስ ነበረች። በዚያች ከተማ በአሮጌው አደባባይ ላይ የቆመው ማዘጋጃ ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1402 ተጀምሮ ግንቡ በ1455 ተፈጸመ። ከፍታው 96 ሜትር ሲሆን፥ በጫፉ ላይ ሰይጣንን የረገጠ የቅዱስ ሚካኤል ምስል ይታያል። በ1695 የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር ከተማይቱን በመድፍ ሲደበድባት የቤቱ ውስጥ ተቃጠለ፤ ግንቡና ፊቱ ግን ቀረ። ነዋሪዎቹም አልተዉትም፤ የነጋዴውና የአንጥረኛው ማኅበር በዙሪያው የነበሩትን ቤቶች ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ገና አቆመ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ላይ ይገለጣል። የብራስልስ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን «የእኛ» ይለው ስለ ነበረ አነሣው። የእኛ አገር ገባር ግን በዚያ ዘመን ሥርዐት እንጨትና ድንጋይ የሚሸከመው ለጌታው ቤት ነበር። በራስ ኃይሉም ዘመን የጎጃም ገበሬ በግብር ብዛት መማረሩ የታወቀ ነው። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ተሽረው ታሰሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያኖች ጋር ቈይተው፥ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እጅ ነሡ። ጌቶቹ አለፉ፤ ቤቱ ቀረ።

ታዲያ ቤቱ የማን ነው? እንደ እኛ አሳብ የሠሩት ሰዎች ልጆች ነው። አያቶቻችን በድካማቸውና በግብራቸው ያቆሙት ከሆነ፥ ልንኰራበትም ልንጠብቀውም የሚገባን እኛ ነን። የነገሥታቱ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ገባር ስም ግን አልተጻፈም፤ የሚገኘውም በሽማግሌዎች አንደበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ሳይውል ሳያድር ጻፉ። የሚመጣው ዓመት መጽሔት የእነርሱን ስም ቢይዝ ደስታችን ነው።