እንግዳ ከያንያን በሞስኮ መድረክ

የአንድ ከተማ የቴአትር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዚያው ከተማ በበቀሉ ደራስያን፣ አዘጋጆችና ተዋንያን ስም ነው። ሻንጣቸውን ጭነው መጥተው፣ ጥቂት ምሽት ተጫውተው የሄዱት እንግዶች በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋሉ። የሞስኮን ቴአትር ታሪክ ለመረመረ ሰው ግን ይህ ዐይነቱ አጻጻፍ ጎዶሎ ሆኖ ይታየዋል። በአርባ አምስት ዓመት ልዩነት ሁለት እንግዳ ቡድኖች፣ አንደኛው ከጀርመን፣ ሁለተኛው ከቻይና፣ ወደዚህች ከተማ መጥተው በመድረኳ ላይ የማይፋቅ ምልክት ትተዋል። ከእንግዶቹ ማንነት ይልቅ ግን ለታሪክ የሚከብደው፣ እንግዳው ይዞት ከመጣው ስንቅ ባለቤቱ ምኑን አነሣ የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በዘውዱ ዘመን በሩሲያ ዐቢይ ጾም ሲገባ በሩሲያኛ የሚቀርበው ቴአትር ይዘጋ ነበር። ክልከላው ግን በባዕድ ቋንቋ የሚጫወቱትን አይነካም። ስለዚህ ጾሙ የአገሩን ተዋናይ ከመድረክ ሲያሳርፍ ለውጭው ተዋናይ ፋሲካ ይሆንለታል፤ ቲያትር የለመደው የሞስኮ ሰውም ሌላ ስለማያገኝ የማያውቀውን ቋንቋ ለመስማት አዳራሽ ይሞላል። የማይኒንገን ቡድን በ1885 ከመጣ በኋላ በ1890 የተመለሰው በዚሁ የጾም ወቅት ነበር።

ማይኒንገን በጀርመን መካከል የምትገኝ ትንሽ የመስፍን ግዛት ነበረች። መስፍኑ ዳግማዊ ጊዮርግ ጦር ከማሰለፍ ይልቅ ተዋናይ ማሰለፍ የሚወድ፣ የመድረኩን ገጽና የልብሱን ቅርጽ በገዛ እጁ የሚነድፍ ሰው ነበር። ልምምዱን የሚመራለት ሉድቪግ ክሮኔግ ነው። ቡድኑ በ1874 በርሊን ላይ ከጀመረው ጉዞ አንሥቶ እስከ 1890 ድረስ በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረ ከ2,500 ጊዜ በላይ ተጫውቷል። በዚያ ዘመን የተለመደው አንድ ዝነኛ ተዋናይ መሐል መድረክ ላይ ቆሞ ሲፎክር ሌሎቹ እንደ አጥር ከብበውት እንዲቆሙ ነበር። ማይኒንገኖች ይህን ሻሩት። ዛሬ ንጉሥ የሆነው ነገ ከሕዝቡ መካከል ገብቶ ይጮኻል። ሕዝቡም በትንንሽ ጓድ ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ጓድ ላይ አንድ የበሰለ ተዋናይ ተመድቦበት፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ፊትና የየራሱ ቁጣ ያለው ሆኖ ይታያል። ሰፊው ሕዝብ በአውሮፓ መድረክ ላይ ከጌጥነት ወጥቶ ባለ ድርሻ የሆነው በአንድ መስፍን እጅ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

በ1885 ትርኢቱን ያየው ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት አሌክሳንድር ኦስትሮቭስኪ አልተታለለም። የብዙኃኑ ትዕይንት በእጅጉ እንዳስደነቀው ሳይሸሽግ፣ ያየው ነገር ከኪነ ጥበብ ይልቅ ዕደ ጥበብ መሆኑን፣ ዋና ዋና ተዋንያኑም መካከለኞች መሆናቸውን መዘገበ። በ1890 ግን ከተመልካቾች መካከል የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት የነበረው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ተቀምጧል። አንድም ትርኢት አላመለጠውም። በሺለር «የኦርሌያን ድንግል» ውስጥ ያየውን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያስታውስ፣ ድል የተመታው ደካማ ንጉሥ በግዙፍ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ቀጫጭን እግሮቹ ሲንጠለጠሉ፣ የድል አድራጊዎቹ መልእክተኞች በትዕቢት ሲገቡበት ይስላል። ተዋናዩ ጎበዝ መሆን አላስፈለገውም፤ የንጉሡን ውርደት ዙፋኑ ራሱ ተናገረለት።

ስታኒስላቭስኪ ልምምዱንም ተመልክቷል። ክሮኔግ ከሥራ ውጭ ከተዋንያኑ ጋር ሲጫወት የነበረው ሰው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፊቱ ይለወጣል፤ ደወሉን መትቶ ስሜት በሌለው ድምፅ እንዲጀመር ያዝዛል፤ የዘገየ ወዮለት። ወጣቱ ይህን ቁጣና ቅዝቃዜ ወደደው፤ ወደ ራሱ የአማተሮች ቡድን ሲመለስም እንደ ክሮኔግ አምባገነን ሆነ። ሌሎች ሩሲያውያን አዘጋጆች ደግሞ እርሱን መስለው አምባገነን ሆኑ። ይህንን ስሕተት በእርጅናው በገዛ ብዕሩ አምኗል፤ የክሮኔግን ጭካኔ እንጂ ክሮኔግ ለምን ጨካኝ እንደሆነ አላየሁም ነበር ማለቱ ነው፤ ደካማ ተዋናይ የያዘ አዘጋጅ በደወልና በዙፋን ከመሥራት ሌላ ምርጫ አልነበረውምና። በ1898 ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቴአትር ሲከፍቱ ከማይኒንገኖች የወረሱት የታሪክ ትክክለኛነትና የብዙኃኑ ትዕይንት አብሯቸው ገባ። የተቀረው የስታኒስላቭስኪ ዕድሜ ያለፈው እነዚያ ጀርመኖች ያላመጡትን ነገር፣ ይኸውም የተዋናዩን ውስጣዊ ሕይወት በመፈለግ ነው።

ሁለተኛው እንግዳ የመጣው ዘውዱ ወድቆ፣ የሶቪየት መንግሥት ከተመሠረተ ከአሥራ ሰባት ዓመታት በኋላ ነው። በ1935 መጋቢት ወር የቤጂንግ ኦፔራ ዝነኛ ተዋናይ ሜይ ላንፋንግ ሞስኮ ገባ። ጃፓን ማንቹሪያን ይዛ ስለነበር በወራሪው ምድር ላለማለፍ ሲል ከሻንጋይ በሶቪየት መርከብ ተሳፍሮ ቭላዲቮስቶክ ከደረሰ በኋላ በባቡር ሳይቤሪያን አቋርጧል። ሜይ አርባ ዓመት ያለፈው ወንድ ሲሆን የሚጫወተው የሴት ገጸ ባሕርይ ነው። ከዚህ በፊት ጃፓንና አሜሪካ ተጉዞ ተጨብጭቦለታል። በሞስኮ ሙዚቃ አዳራሽ ስድስት፣ በሌኒንግራድ ስምንት ምሽት ተጫውቶ፣ ሚያዝያ 13 ቀን በቦልሾይ ቴአትር ተሰናበተ።

በአገሩ ሳለ ሁሉም አላጨበጨበለትም። የቻይና ተራማጅ ጸሐፍት ይህንን ኦፔራ የፊውዳሉ ዘመን ቅሪት አድርገው ይመለከቱት ነበር፤ ታላቁ ሉ ሹን ራሱ በ1934 ስለ ሜይ ላንፋንግ በሾለ ብዕር ጽፏል። ቤቱ «ያረጀ» የተባለው ነገር ሞስኮ ሲደርስ የዓለም አዲስ ቴአትር ፈጣሪዎች ሁሉ ሊያዩት ተሰበሰቡ፤ ሜየርሆልድ፣ ኤይዘንስታይን፣ ታይሮቭ፣ ትሬትያኮቭ፤ በስደት የነበሩት ጀርመኖች ፒስካቶርና ብሬኽትም ነበሩበት። በኛም አገር በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ ቴአትር ከአውሮፓ መጋረጃና ወንበር ጋር ገባ፤ አዝማሪው ግን በር ላይ ቀረ። በአንዲት የፈረስ ጭራ ብቻ ፈረሱንም፣ ጋላቢውንም፣ የቀረችውንም ሙሽራ የሚያሳይ ሰው ከቴአትር ሰዎች ተራ አለመቆጠሩን ሳስብ፣ የሉ ሹንን ቁጣ እየተረዳሁለትም ቢሆን ልቤ ወደ ሞስኮዎቹ ተመልካቾች ያደላል።

ምን አዩ? ባዶ መድረክ፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ጉልበቷ ድረስ እንኳ የማይደርስ ትንሽ መቅዘፊያ ይዛ፣ በሌለ ጀልባ በሌለ ወንዝ ላይ ስትቀዝፍ፣ ተመልካቹ ማዕበሉን በሰውነቷ መናጥ ያነብበዋል። ሜይ ላንፋንግ ከሃምሳ በላይ የእጅ ቅርጾች ነበሩት፤ እያንዳንዱም ስምና ትርጉም አለው። ስታኒስላቭስኪ ያን ጊዜ የሰባ ሁለት ዓመት በሽተኛ ነበር፤ ሜይ እቤቱ ድረስ ሄዶ ጎብኝቶታል። በ1890 የማይኒንገኖችን ዙፋን ያየ ዐይን፣ ዙፋን የማያስፈልገውን ተዋናይ ለማየት በቃ።

ሚያዝያ 14 ቀን ከውጭ አገር ጋር የባህል ግንኙነት የሚያደርገው የሶቪየት ማኅበር ውይይት አዘጋጀ፤ ሰብሳቢው ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ነበር። ሜየርሆልድ ተነሥቶ ስለ እጅ ተናገረ። እነዚህን እጆች ካዩ በኋላ የኛን ተዋንያን እጅ መቁረጥ ነው የሚሻለው፣ ከእጀ ጠባባቸው የሚወጣው ጉቶ ምንም አይናገርምና ሲል ቀለደ፤ ቀልዱ ግን መራራ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር በራሴ ተውኔቶች አፍራለሁ። «ተናዶ» ብዬ በቅንፍ ውስጥ አስቀምጣለሁ እንጂ የተናደደ ሰው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጽፌ አላውቅም።

በርቶልት ብሬኽት ደግሞ ያነሣው ሌላ ነው። ሜይ ላንፋንግ በአንድ ክፍል ውስጥ የመድረክ ልብስ ሳይለብስ፣ በአውሮፓ የራት ልብስ እንዳለ የሴት እንቅስቃሴ ሲያሳይ አይቶት ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይታያል፤ የምትታየው ሴትና የሚያሳያት ወንድ። ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን ሊያሳየው ይችላል፣ ተመልካቹም ሳይፈዝ ሊፈርድ ይችላል የሚለውን ሐሳቡን በዚህ አጸናው። በቻይና ትወና ስላለው የማራራቅ ስልት የጻፈው ድርሰትም በ1936 ለንደን ውስጥ ታተመ። የሜይ ላንፋንግ ትውፊት ግን ተዋናዩ ከገጸ ባሕርዩ ጋር አንድ እንዲሆን የሚሻ ነው። ስለዚህ ብሬኽት በከፊል ተሳስቷል፤ የተሳሳተው ግን ሲፈልገው የኖረውን ነገር ስላየ ነው። ወጣቱ ስታኒስላቭስኪ የክሮኔግን ደወል ይዞ ሲመለስ የተሳሳተው ስሕተት ተዋንያን አስለቅሷል፤ የብሬኽት ስሕተት ግን አንድ አዲስ የቴአትር ዘይቤ አጽንቷል። ሁለቱን ስሕተቶች እኩል መመዘን አይገባም።

ሜየርሆልድ በዚያው በ1935 የግሪቦዬዶቭን ኮሜዲ እንደገና ሲያዘጋጅ ሥራውን ለሜይ ላንፋንግ መታሰቢያ አደረገው። ነፋሱ ግን ተለውጦ ነበር። በ1934 የደራስያን ጉባኤ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት ብቸኛው መንገድ ሆኖ ከታወጀ በኋላ፣ ስለ ቅርጽ አብዝቶ የሚናገር ከያኒ በ«ፎርማሊስትነት» ይከሰስ ጀመር። ትሬትያኮቭ በ1937 ተይዞ ተረሸነ። የሜየርሆልድ ቴአትር በ1938 ተዘጋ፤ እርሱም በ1939 ታሰረ፤ በ1940 የካቲት 2 ቀን ተረሸነ። ሜይ ላንፋንግ በበኩሉ ጃፓኖች አገሩን በያዙበት ዘመን ጢሙን አሳድጎ፣ ጢም ያለው ሰው ሴት ሆኖ አይጫወትም በማለት ከመድረክ ራቀ፤ ጢሙን የላጨው ጃፓን በ1945 ከተሸነፈች በኋላ ነው።

የሚያዝያ 14 ቀን ውይይት ቃለ ጉባኤ ግን መዝገብ ቤት ተቀምጦ ቀረ። ሙሉ ቃሉ፣ ስለ እጅ የተነገረውም ጭምር፣ ታትሞ የወጣው በ1992፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ነው።