የኢንዱስትሪና የሙያ መደበኛ ምደባ

የኢንዱስትሪና የሙያ መደበኛ ምደባ ማለት ሰዎች የሚሠሯቸውን ሥራዎች ለመቁጠርና በአገሮች መካከል ለማወዳደር እንዲያመች በኮድ ለይቶ የመመደብ ሥርዓት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚያዘጋጀው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎች ምደባ (በምህጻረ ቃል አይሲክ) ሲሆን፣ ሁለተኛው የዓለም የሥራ ድርጅት የሚያዘጋጀው የሙያዎች ምደባ (ኢስኮ) ነው።

የሁለቱ ልዩነት

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ኢንዱስትሪ የሚባለው ድርጅቱ የሚያመርተው ዕቃ ወይም የሚሰጠው አገልግሎት ነው። በዚህ አጠራር ኢንዱስትሪ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ እርሻም፣ ትምህርት ቤትም፣ ፀጉር ቤትም ኢንዱስትሪ ነው። ሙያ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ የሚያከናውነው ተግባር ነው። ስለዚህ በባንክ የተቀጠረ የሶፍትዌር ባለሙያ በሙያው 2512 ሲሆን በኢንዱስትሪ የሚቆጠረው ከባንኩ ጋር ነው። በዚያው ባንክ የሚሠራው ሾፌርም ኢንዱስትሪው ባንክ ነው።

ልዩነቱ በቁጥሮች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት የአንድን ሆስፒታል ጥበቃ እንውሰድ። ሆስፒታሉ ራሱ ከቀጠረው በጤና ዘርፍ ይቆጠራል። ሆስፒታሉ ሥራውን ለጥበቃ ኤጀንሲ ቢሰጥና ሰውየው በኤጀንሲው በኩል ቢቀጠር ግን፣ በዚያው በር ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ግል ጥበቃ አገልግሎት (8010) ይዛወራል። ሙያው አልተለወጠም፤ በኢስኮ አሁንም 5414 ነው። እንግዲህ «በጤናው ዘርፍ የሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ» የሚል ዘገባ ሲነበብ ሥራው ጠፍቶ ነው ወይስ ቀጣሪው ተለውጦ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አይሲክ

አይሲክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በ2008 የታተመው አራተኛው እትም በላቲን ፊደላት የሚሰየሙ 21 ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነዚህ ወደ 88፣ ከዚያ ወደ 238፣ በመጨረሻም ወደ 419 መደቦች ይከፋፈላሉ። አምስተኛው እትም በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የጸደቀ ሲሆን የዋና ክፍሎቹ ቁጥር 22 ሆኗል። ቁጥሩ የጨመረው ቀድሞ በአንድ ክፍል ከነበሩት ሥራዎች ኅትመትና ብሮድካስት ለብቻ፣ ቴሌኮምና የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ለብቻ ስለተደረጉ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ቡናን መከተል ይቀላል። በአራተኛው እትም መሠረት ቡና ማልማት 0127፣ ቆልቶ ማዘጋጀት 1079፣ በጅምላ መሸጥ 4630፣ በቡና ቤት አፍልቶ ማቅረብ ደግሞ 5630 ነው። ፍሬው ያው ቢሆንም በመጀመሪያ በግብርና፣ ቀጥሎ በማኑፋክቸሪንግ፣ ከዚያ በንግድ፣ በመጨረሻም በመስተንግዶ ዘርፍ ይመዘገባል።

ኢስኮ

ኢስኮ በ1958፣ በ1968፣ በ1988 እና በ2008 እትሞቹ ይታወቃል። የመጨረሻው ኢስኮ-08 ይባላል፤ 10 ዋና ቡድኖችና 436 መሠረታዊ የሙያ መደቦች አሉት። የኮዱ የመጀመሪያ አኃዝ ዋናውን ቡድን ያመለክታል። ለምሳሌ 1 ሥራ አስኪያጆች፣ 2 ከፍተኛ ባለሙያዎች፣ 6 አርሶ አደሮችና የመሳሰሉት፣ 9 ልዩ ሥልጠና የማይጠይቁ ሥራዎች፣ 0 የጦር ኃይል ነው።

ቁጥሩ ግን የማዕረግ ደረጃ አይደለም። ኢስኮ ሥራዎችን በአራት የክህሎት ደረጃዎች ይለያል፤ ከ4 እስከ 8 ያሉት ዋና ቡድኖች ሁሉም በሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። ክህሎት በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በልምድና ከባለሙያ ሥር በመማርም ይገኛል ተብሎ ስለሚወሰድ፣ ሸማኔ (7318)፣ ሸክላ ሠሪ (7314) እና ቀጥቃጭ (7221) ከቢሮ ጸሐፊ ጋር እኩል ደረጃ አላቸው። የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን ሲናቁበት በኖሩበት አገር ለሚኖር አንባቢ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በመንገድ ላይ የሚሠሩ ሥራዎችን መለየት አስቸጋሪ ነው። በገበያ ጉልት ላይ የምትሸጥ ሴት 5211፣ በመንገድ ዳር ለመብል የደረሰ ምግብ የምትሸጥ 5212 ስትሆን፣ ካልሲና ቻርጀር ይዞ የሚዞር ሱቅ በደረቴ 9520፣ ሊስትሮ 9510 ነው። መጠይቁ ላይ «ንግድ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ በግምት ለመመደብ ይገደዳል። ስለሆነም ጥሩ መጠይቅ የሥራውን ስም ብቻ ሳይሆን ዋና ተግባሩንም ይጠይቃል።

ለራስ ፍጆታ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች በኢስኮ-08 የራሳቸው ኮድ (63) አላቸው። ይሁን እንጂ በ2013 የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በዋናነት ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚያመርት ሰው «ሥራ» እንደሚሠራ፣ ነገር ግን «በሥራ ላይ ተሰማርቷል» ከሚባሉት ጋር እንደማይቆጠር ወስኗል። ስለዚህ በቀድሞውና በአዲሱ ትርጉም የተሰበሰቡ መረጃዎችን እንዳሉ ማወዳደር ያሳስታል።

አገራዊ ምደባዎች

ብዙ አገሮች ዓለም አቀፉን ለራሳቸው አመቻችተው ይጠቀማሉ። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ከ1997 ጀምሮ የጋራ የኢንዱስትሪ ምደባ አላቸው። በኢትዮጵያ በ1999፣ በ2005 እና በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተካሄዱት አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች ውጤታቸውን በሙያም በኢንዱስትሪም ለይተው አቅርበዋል። የንግድ ፈቃድም የሚሰጠው በኮድ በተለየ የሥራ መደብ ነው።

በኮምፒውተር ሲመዘገብ

ኮዶቹ ቁጥር ቢመስሉም የሚደመሩ አይደሉም፤ ስለዚህ እንደ ጽሑፍ መመዝገብ አለባቸው። አለበለዚያ ኤክሴል ፊት ያለውን ዜሮ ይጥለውና የቡና ልማቱ 0127 ወደ 127 ይለወጣል። ከኮዱ ጎን የሥርዓቱና የእትሙ ስም መጻፍም አለበት። 2512 በኢስኮ-08 የሶፍትዌር ባለሙያ ሲሆን፣ በአይሲክ አራተኛ እትም ከብረት ታንከርና ማጠራቀሚያ ማምረት ነው።