እሌኒ

እሌኒ ከግሪክኛው ‹ሄሌኔ› የመጣ የሴት ስም ሲሆን ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ከችቦና ከብርሃን ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያ ያስወደዱት ሁለት ንግሥቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ በዕጣን ጢስ ተመርታ መስቀሉን ያስወጣችው የቆስጠንጢኖስ እናት ናት፤ በመስቀል በዓል በደመራው ዙሪያ ስሟ ይነሣል። ሁለተኛዋ የምሥራቅ ጎጃም የራሱ እሌኒ ናት። የሐድያው ገራድ ልጅ፣ የዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1508 ለነገሠው ብላቴና ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር የመራች፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከች ብልህ ሴት ነበረች። ከቢቸና ሞጣ መንገድ በስተምሥራቅ ያለችውን የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች፤ የጥንቱ ሕንፃ ፍርስራሽ የተቀረጹ ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። ከተሜው ‹ሔለን› ቢልም፣ ለጎጃም ልጅ ‹እሌኒ› የሚለው አጠራር የበለጠ ያምርላታል፤ ቤተሰብ ሲያቆላምጣት ‹እሌንዬ› ይላታል።