የድሮን ካሜራ ለምን ይንቀጠቀጣል? ንዝረትን ስለሚውጡ ማንጠልጠያዎች

የሰርግ ቪዲዮ ተሠርቶ ሲያልቅ ሙሽሮቹ ከነቤተሰባቸው ተሰብስበው ያያሉ። ከሰማይ በድሮን የተነሳው ክፍል ሲደርስ ግን የአዳራሹ ምሰሶ ይጥመለመላል፤ የሚዜዎቹ ሰልፍ ውሃ ላይ እንደወደቀ ጥላ ይርገበገባል። ሰርጉ አይደገም ነገር! ካሜራማኑ ጥፋቱን በካሜራው ያላክካል፤ ሌላ ውድ ካሜራ ለመግዛትም ያስባል። ይሁንና ብዙውን ጊዜ ችግሩ የካሜራው ሳይሆን ካሜራውን ከድሮኑ አካል ጋር የሚያገናኙት ጥቂት ትናንሽ ጎማዎች ነው። ለመሆኑ የእነዚህ ጎማዎች ሥራ ምንድን ነው? እንዴትስ ይመረጣሉ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ እንመለከታለን።

ከሔሊኮፕተር እስከ ድሮን

ችግሩ ከድሮን በፊትም ነበር። "ቀዩ ፊኛ" በተሰኘው ፊልሙ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ዳይሬክተር አልበር ላሞሪስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) "ሔሊቪዥን" የተባለ፣ ካሜራን ከሔሊኮፕተር ንዝረት የሚከላከል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ላሞሪስ በ1970 በኢራን ከሔሊኮፕተር ላይ ፊልም ሲቀርፅ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ አልፏል። በአሜሪካም ኔልሰን ታይለር በ1960ዎቹ የሠራው የሔሊኮፕተር ካሜራ ማንጠልጠያ በሆሊውድ በሰፊው አገልግሏል።

ዛሬ ያ ሥራ በእጅ በሚያዝ ድሮን ይከናወናል። የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ ፋንተም የተባለውን ድሮን በ2013 ለገበያ ሲያቀርብ፣ በ2014 ደግሞ "ፋንተም 2 ቪዥን ፕላስ" ባለሦስት አቅጣጫ ጂምባል ተገጥሞለት ወጣ። ከሔሊኮፕተር የወረሰው ንዝረት ግን አብሮት አለ።

ንዝረቱ ከየት ይመጣል?

በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አንደኛው ክንፉ ከሌላው በጥቂቱ ከከበደ ድሮኑን በሰከንድ 100 ጊዜ ይነቀንቀዋል። የተጣመመ የሞተር ዘንግ ወይም ጫፉ የተሸረፈ ክንፍ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

ይህ ለዓይን የማይታይ ንቅናቄ ምስሉን እንዴት ያጣምመዋል? የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነሳም። ገጽ እንደሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ንባቡ ሳያልቅ ካሜራው ወዲያና ወዲህ ከተነቃነቀ እያንዳንዱ መስመር በተለያየ ቦታ ይቀመጣል፤ ቀጥ ያለው ምሰሶም ተጥመልምሎ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ይህንን "ጄሎ" ይሉታል። በኮምፒዩተር በተወሰነ ደረጃ ማቃናት ቢቻልም ክፉኛ የተጣመመውን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም።

ጎማው እንዴት ይሠራል?

አንድ ብሎን በቀጭን ላስቲክ አንጠልጥሉ። እጃችሁን በዝግታ ከፍ ዝቅ ብታደርጉ ብሎኑ እጃችሁን ይከተላል። በጣም በፍጥነት ብታንቀጠቅጡት ግን እጃችሁ ይርገፈገፋል እንጂ ብሎኑ ቦታውን አይለቅም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ዥዋዥዌን በልኩ ጊዜ እንደመግፋት ሆኖ ብሎኑ ከእጃችሁ የበለጠ የሚዘልበት ፍጥነት አለ። ይህም የተፈጥሮ ንዝረቱ ይባላል።

የካሜራ ማንጠልጠያም እንዲሁ ነው። ጎማው ላስቲኩ፣ ካሜራው ደግሞ ብሎኑ ነው። ካሜራው በክብደቱ ጎማዎቹን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢስባቸው የተፈጥሮ ንዝረቱ በሰከንድ ወደ 16 ጊዜ ይሆናል። ጎማው ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ፣ ማለትም ከ22 ገደማ ጀምሮ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣው የፕሮፔለር ንዝረት በስሌት ሲታይ ወደ ካሜራው የሚያልፈው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

አሁን በእነዚያው ጎማዎች ላይ ክብደቱ ሩብ የሆነ ካሜራ እንስቀል። የተፈጥሮ ንዝረቱ በእጥፍ አድጎ 32 ይደርሳል፤ የሚያልፈውም ንዝረት ወደ 11 በመቶ ይጠጋል። ጎማዎቹ አልተበላሹም፤ ለአዲሱ ካሜራ ግን ደረቁ። በአንጻሩ ከባድ ካሜራ ቢሰቀልባቸው እስከ መጨረሻው ተለጥጠው መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ "ለስላሳው ይሻላል" ወይም "ጠንካራው ይሻላል" የሚባል ነገር የለም። ጎማ የሚመረጠው በሚሸከመው ክብደት ነው።

ጎማ ከብረት ሞላ የተመረጠበት ምክንያትም አለ። ብረት ሞላ አንዴ ከተነካ ቶሎ አያርፍም፤ ጎማና ሲሊኮን ግን ንቅናቄውን ወደ ሙቀት ለውጠው ያበርዱታል። ለከባድ ካሜራዎች ከተገመደ የብረት ሽቦ የተሠሩ ቀለበቶችም ያገለግላሉ፤ ክሮቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንዝረቱን ይውጡታል።

ጂምባል ካለ ጎማው ለምን?

ጂምባል የድሮኑን ዘንበል ማለት በሴንሰር እየለካ ካሜራውን በሞተር የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ የሚያሸንፈው ዘገም ያለውን ትልቅ እንቅስቃሴ ነው። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚመጣውን ጥቃቅን ንዝረት ሞተሩ አይደርስበትም። ጎማው ደግሞ በተቃራኒው ፈጣኑን ይውጣል፣ ዘገምተኛውን ያሳልፋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

የእኛ ከፍታ ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ እፍጋት ከባህር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ድሮኑ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፕሮፔለሩን 12 በመቶ ያህል አፍጥኖ ማዞር አለበት። ካልተመጣጠነ ክንፍ የሚመጣው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ሩብ ያህል ይጨምራል። ባህር ዳርቻ ላይ የማይታወቅ ጉድለት እንጦጦ ላይ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው። ጎማ በብርድ እንደሚደርቅ፣ በሙቀት እንደሚለሰልስም መዘንጋት የለበትም። በሰሜን ተራሮች የማለዳ ብርድ በልኩ የሠራ ጎማ በአፋር ሙቀት ሊልፈሰፈስ ይችላል።

ከሥራው ቀን በፊት

"ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" እንዲሉ ንዝረትን ከምንጩ ማስቆም ይቀድማል።

1. የተሸረፈ ፕሮፔለር ይቀየር። አዲሱም ቢሆን ሚዛኑ ይታይ፤ በቀለለው ክንፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ፕላስተር በመለጠፍ ማመጣጠን ይቻላል።

2. ጎማዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ካለ ሁሉም በአንድ ላይ ቢቀየሩ ይመረጣል፤ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ካሜራው ያዘነብላል።

3. ወደ ካሜራው የሚሄደው ሽቦ ልል ይሁን። የተወጠረ ሽቦ ጎማውን አልፎ ንዝረቱን በቀጥታ ያደርሳል።

4. ጎማ ቢበጠስ ካሜራው ሰው ላይ እንዳይወድቅ መያዣ ክር ወይም ፒን ይደረግ።

5. ከሥራው ቀን በፊት በጠራራ ፀሐይ የሙከራ በረራ ይደረግና ምስሉ በትልቅ ስክሪን ይታይ። በብርሃን ወቅት ካሜራው እያንዳንዱን ምስል በአጭር ቅጽበት ስለሚያነሳ ጄሎው ጎልቶ ይወጣል። ጥቁር ማጣሪያ መስታወት ጉድለቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም።

በመጨረሻም በሀገራችን ድሮን ለማብረር ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናስታውሳለን። ፈቃዱ ካለና ድሮኑም ደህና ከሆነ ለአዲስ ካሜራ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጎማዎቹን ማየት ይቅደም። ሰርግ አይደገምም፤ ጎማ ግን ይቀየራል።