የመስኖ ፓምፕ ሲል አሠራርና የሚበላሽበት ምክንያት

በዴዴሳና በአንገር ወንዞች ዳርቻ በበጋ ስንዴም ሆነ አትክልት ለሚያለማ አርሶ አደር፣ የሞተር ፓምፕ በወቅቱ መካከል ቆመ ማለት ማሳው ውሃ አጣ ማለት ነው። ፓምፑን ከሚያቆሙት ብልሽቶች አንዱ የሚነሳው መካኒኮች «ሲል» ከሚሉት፣ በእጅ መዳፍ ከሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው።

ሞተሩ ውሃ ገፊውን ኢምፔለር የሚያሽከረክረው የፓምፑን ገላ አቋርጦ በሚያልፍ ሻፍት አማካኝነት ነው። ሻፍቱ ስለሚዞር ያለፈበትን ቀዳዳ ደፍኖ መዝጋት አይቻልም። ሲሉ ይህን የሚፈታው ፊታቸው እጅግ በለሰለሰ ሁለት ቀለበቶች ነው። አንደኛው፣ ብዙውን ጊዜ ከሴራሚክ የሚሠራው፣ በፓምፑ ገላ ላይ ተተክሎ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ በአብዛኛው ካርቦን የሆነው፣ ከሻፍቱ ጋር ይዞራል፤ ሞላ ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ይጫነዋል። በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ስስ ውሃ ይቀራል፤ ሰበቃውን የሚያለዝበውና ሙቀቱን የሚወስደው እርሱ ነው። በሞተር ጀልባ ላይም የፕሮፔለሩ ሻፍት ከጀልባው አካል በሚወጣበት ቦታ የሚገጠመው ሲል በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እዚያ የሚከለከለው ግን ወደ ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው።

ስለዚህ ሲል ያለ ውሃ አይኖርም። ፓምፑ ውሃ ሳይሞላበት ከተነሳ ቀለበቶቹ በአጭር ጊዜ ይግላሉ፤ በጋለው ሴራሚክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርስ ሊሰነጠቅ ይችላል። «እስኪስብ ይዙር» ብሎ ባዶውን ማስነሳት ሲሉን ከእድሜው በፊት የሚገድል ልማድ ነው። የተቀደደ የመሳቢያ ቱቦም አየር እያስገባ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በደፈረሰ ወንዝ ላይ አሸዋና ደለል የቀለበቶቹን ፊት ይፍቃሉ፤ የመሳቢያው ማጣሪያ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

የብልሽቱ ምልክት በሞተሩና በፓምፑ መካከል የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ቸል ከተባለ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሊደርስ ይችላል፤ የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለም ውሃ ሳይገባበት አልቀረም። ሲል በሌላቸው፣ ሻፍታቸው በተጎነጎነ ገመድ በሚታሸግ የቆዩ ፓምፖች ላይ ግን ጥቂት ጠብታ የጤና ምልክት ነው፤ ጨርሶ እንዲቆም ማጥበቅ ሻፍቱን ያስበላል።

ሲል ሲቀየር ሁለቱ ቀለበቶች አብረው ይቀየራሉ፤ አሮጌው ፊት አዲሱን ይበላዋልና። ፊታቸው በቅባታም እጅ አይነካም፣ በመዶሻም አይመታም፤ ጎማው እንዲንሸራተት ንጹሕ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ክረምቱን ሳይሠራ የከረመ ፓምፕ ቀለበቶቹ ሊጣበቁ ስለሚችሉ፣ ውሃ ከተሞላ በኋላ በማስነሻ ገመዱ ቀስ ተብሎ ጥቂት ጊዜ ዞሮ ነው ሞተሩ የሚነሳው።